ማር ያለበት ስም

አባትሽ ጨው ዛቂ ነው በቬዳራንያም ዳር፤
ስም ሊያወጣልሽ ሲል ከነጩ ክምር ሥር፣
ቴንሞሊ አለሽ፤
አንደበተ ማር።

እኔ የመንደሩ ነርስ፣ ብስክሌቴን እየገፋሁ፣
በጨው ማሳው ድንበር ስንት ጊዜ አለፍሁ!
ያኔ፣ በመጀመሪያው፣ ሆድሽን በሜትር ለክቼ፣
"ትልቅ ነው፤ ደግ ነው" ብዬ ሄድሁ ካርድሽን ዘግቼ።
አማትሽም አለች፦ "ይኼማ ንጉሥ ነው!
ለሁለት ነው መብላት፣ ሩዙን ጨምሪው፤
ማንጎውን አትናቂው።"
እኔም አብሬ ሳቅሁ።

መመሪያው የሚለው፣ ስኳሯ ይታይ በስድስተኛው ወር።
በስድስተኛው ወር መንገዱ ባሕር ነበር፤
በሰባተኛው ወር መመርመሪያው አለቀ፤
በስምንተኛውም "ነገ ይመጣል" እንደተባለ ዘለቀ።
በዘጠነኛው፦
(ሁሌ እዚህ ስደርስ ዘልዬ አልፋለሁ፤ ዛሬ ግን አልዘልም።)

ክብደቱ አምስት ኪሎ ሊሞላ መቶ ግራም ቀረው።
ራሱ ወጣና ትከሻው ቀረ፤
በግድግዳው ሰዓት ስድስት ደቂቃ ተቆጠረ።
ስድስት ደቂቃ ምን አላት? ሩዝ አታበስልም፤
እርጥብ ጨው አታደርቅም።
የንጉሥ ጉንጭ ይዞ፣ የንጉሥ ክንድ ይዞ፣
አንዴም ሳያለቅስ።

ካዲርቬል ባልሽ መዛቂያውን ከደጅ አቁሞ፣
"ምን አጠፋን?" አለኝ።
"ምንም" አልሁት። እውነት ነው፤ እናንተ ምንም።
"አንቺስ?" ቢለኝ ኖሮ መልስ አልነበረኝም።

ዓመት ከመንፈቅ ሄደ።
ዘንድሮ ገና ሳያስመልስሽ፣ ጎረቤት ሳይሰማ፣
በርሽን የመታሁ እኔ ነኝ በማለዳው ጨለማ።
"ስምንት ሳምንት እኮ ነው" አማትሽ ተቆጣች፣
"ባቄላ ለምታክል ምን ያስቸኩላል?" አለች።
"ባቄላ ሳለች ነው መቸኮል" አልኋት።

ሰባ አምስት ግራም ግሉኮስ በብርጭቆ ውሃ፤
አፍንጫሽን ይዘሽ ጨለጥሽው።
ከዚያ ሁለት ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ፣
ማራገቢያው ሲዞር፣ ቁራው ሲጮህ ከላይ፣
ስለ ልጁ አንድ ቃል አልወጣንም፤
ስለ ጨው ዋጋ ብቻ።

ጣትሽን ወጋሁት። ጠብታዋ ክብ ሆና ቆመች።
ማሽኗ አሰበች፤ አምስት፣ አራት፣ ሦስት…
መቶ ስድሳ ስምንት።
አንቺ አለቀስሽ። እኔ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ደስ አለኝ፤
ሌባው ገና አጥር ሲዘል እንዳየ ዘበኛ።

ሩዙ በእፍኝ ሆነ፤ ዳጉሳ በቦታው ገባ፤
በልተሽ አትቀመጪም፤ ከማሳው ደርሰሽ ትመጪ ነበር ጀንበር ስትገባ፣
ካዲርቬል ባትሪ ይዞ ከኋላሽ፣ ሳል እያስመሰለ።
አማትሽ የማንጎውን ቅርጫት ለሰው ሰጠች፤
አንዱን ግን ደብቃ ሌሊት ብቻዋን በላች።
(ልጣጩን አግኝተሽ ዝም አልሽ።)
አንድ ማክሰኞ ቁጥሩ ተነሣ። "ምን በላሽ?"
"ላዱ፤ የእህቴ ልጅ ሠርግ። ግማሽ ብቻ።"
"ግማሹ የማን ነው?" አልሁሽ፤ ሁለታችንም ሳቅን፤
በሠላሳኛው ሳምንት ኢንሱሊን ጀመርን።

ሦስት ኪሎ ከመቶ።
ትከሻዋ ከራሷ ጋር ተስማምቶ ወጣ።
እንዴት እንዳለቀሰች! የመንደሩ ውሻ መለሰላት።
ተረከዟን ወጋሁ፤ እትብት ሲቆረጥ
ስኳሯ ይወርዳል ብዬ ፈርቼ፤ ደህና ነበር።
ወዲያው ጡት ያዘች።

ያኔ ነው ቃሉ ከጉሮሮዬ የወጣ።
በስምሽ ማር አለ፤ በደምሽም ነበር፤
ከኔ አፍ ሲደርስ ግን ፊደሉ ተለውጦ፦
ማሪኝ።

አልመለስሽልኝም። ጡቷን አስለቅቀሽ
ልጅቷን ክንዴ ላይ አስተኛሽ፣ ፊትሽን ዞርሽ።
እኔም አልደገምሁት።

በስድስተኛው ሳምንት፣ ቀጠሮ ሳልሰጥሽ፣
ከጤና ጣቢያው በር ቆመሽ አገኘሁሽ፤
እህል ሳትቀምሺ መጥተሽ፣
ጣትሽን ዘረጋሽልኝ።